ሃምሳ ወንበር ለሰበረብኝ መሥሪያ ቤት ኃላፊ

ይድረስ ለክቡር ኃላፊ፤

ማመልከቻዬ መዝገብ ቤት ገብቶ በዚያው ቀረ። ቢሮ ስመጣ ስብሰባ ላይ ነዎት፣ ስደውል አይነሳም። ስለዚህ አደባባይ አወጣሁት።

በበርጩማዋ በታወቀችው ጅማ የተማሪ ወንበር እየሠራሁ የማድር ሰው ነኝ። ለአንድ ትዕዛዝ 500 ወንበር አዘጋጀሁ። የጥራት ምርመራ ባለሙያዎ መጡና “ናሙናው 50 ነው” አሉ። ለማየት ከሆነ 500ውም ይታይ። እሳቸው ግን የመጡት ሊሰብሩ ነው! የአሸዋ ከረጢት እየደራረቡ፣ እግሩ ከመቀመጫው የሚገጥምበት ጥርስ ጧ እስኪል ይጭናሉ። ከዚያ ቀጣዩ። ስምንተኛው ላይ “ሁሉም ከሚፈለገው በላይ ተሸክመዋል፣ አይበቃም ወይ?” ብላቸው “ሠንጠረዡ 50 ይላል” አሉኝ። ሃምሳውም አለፉ፤ ሃምሳውም ማገዶ ሆኑ። የጎደለውን ከኪሴ አውጥቼ እንደገና ሠራሁ።

ሠንጠረዡን እርስዎም ያውቁታል፤ ከስንት ዕቃ ስንት ናሙና እንደሚመረመር የሚናገረው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይኤስኦ 2859-1 ነው። ከ281 እስከ 500 ለሚሆን ዕቃ በተለመደው ሁለተኛ የምርመራ እርከን 50 ይላል፣ ልክ ነው። እዚያው ገጽ ላይ ግን፣ ዓይን ትንሽ ወደ ግራ ቢል፣ ከኤስ-1 እስከ ኤስ-4 የሚባሉ ልዩ እርከኖች አሉ። ለዚሁ 500 ወንበር 3፣ 5፣ 8 እና 13 ይላሉ። የተቀመጡት ናሙናው የግድ ማነስ ላለበት ምርመራ ነው። ዕቃ መስበር እዚህ ካልገባ የቱ ሊገባ ነው?

“ናሙና ሲያንስ መጥፎ ዕቃ ያመልጣል” ይሉኝ ይሆናል። ያመልጣል፣ አልክድም። ታዲያ ከተሰበረው ላይ የሚገኘውን መረጃ ለምን ትጥሉታላችሁ? የባለሙያዎ ቅጽ ከላይ እስከ ታች “አለፈ፣ አለፈ፣ አለፈ” ነው። በስንት ኪሎ እንደተሰበረ አንድም ቦታ አልተጻፈም። ገደቡን ለጥቂት ያለፈውም እጥፉን የተሸከመውም እኩል “አለፈ” ተባሉ። ኪሎው ተመዝግቦ አማካዩና ልዩነቱ ቢሰላ ጥቂት ወንበር ብዙ ይናገር ነበር፤ ለዚህም አይኤስኦ 3951 አለ። ስሌቱ ከከበዳችሁ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ፣ ኪቶ ፉርዲሳ፣ ቅርብ ነው፣ ኢንጂነር ሞልቶበታል።

በሚቀጥለው ወር ሌላ ትዕዛዝ አስረክባለሁ። በየትኛው እርከን እንደምትመረምሩኝ አስቀድማችሁ በጽሑፍ አሳውቁኝ። አሁንም 50 ከሆነ፣ ሂሳቡን ማን እንደሚከፍል አብራችሁ ጻፉልኝ።