ከማይክሮ አር ኤን ኤው በፊት የደም ቲዩቡ

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ስለ ጉበት ካንሰርና ማይክሮ አር ኤን ኤ (ራሱ ፕሮቲን የማይሠራ፣ ግን የጂኖችን ሥራ የሚቆጣጠር አጭር አር ኤን ኤ) ባወጣችሁት ጽሑፍ ውስጥ ካንሰሩ «በአንድ ጠብታ ደም ይታወቃል» የሚለው አነጋገር ሕመምተኛን ያሳስታል ብለን ይህን ጻፍን።

ፕሮቲን የማይሠሩ አር ኤን ኤዎች በካንሰሩ እድገት ላይ እጃቸው እንዳለበት አንጠራጠርም። በጤነኛ ጉበት ካሉት ማይክሮ አር ኤን ኤዎች 70 በመቶ ያህሉ ሚር-122 የተባለው ነው («ሚር» የማይክሮ አር ኤን ኤ አጭር ስም ነው)። በብዙ የጉበት ዕጢዎች ግን ይመናመናል፤ ሕዋሱም የጉበትነት ጠባዩን እየጣለ መባዛትና መዛመት ይቀለዋል። ሚር-21 በተቃራኒው በዝቶ ፒቴን የተባለውን የእድገት ልጓም ያላላል።

ደም ላይ ሲደርስ ነገሩ ይገለበጣል። ጉበት በቆሰለ ቁጥር ሚር-122 ከፈረሱት ሕዋሳት ወደ ደም ይፈስሳል። ሄፓታይተስ ቢ የተነሣበትም፣ መድኃኒት ጉበቱን የጎዳውም ሰው ካንሰር ሳይኖርበት ከፍ ያለ ቁጥር ያወጣል።

ከዚህ የባሰው ጣጣ ደም አቀዳዱና አያያዙ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የሌሎቹ መጠን የሚነጻጸርበት ማመሳከሪያ የሚደረገው ሚር-16 ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ሞልቷል። በቀጭን መርፌ በኃይል የተሳበ፣ ወይም ፕላዝማው (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ሳይለይ ከአጋሮ ጅማ ድረስ በመኪና ሲናጥ የመጣ ደም ሕዋሱ ይፈነዳል። ማመሳከሪያው ሲያብጥ ሚር-122 ያለ አግባብ ያነሰ ይመስላል። ፕላዝማው ስላልቀላ ደህና ነው አይባልም፤ ከቀይ ሕዋስ የወጣውን ቀለም በ414 ናኖሜትር ብርሃን መለካት፣ ወይም በፒሲአር (የዘር ቅንጣትን በየዙሩ እያባዛ በሚለካው ዘዴ) ቀይ ሕዋስ ውስጥ የሞላውን ሚር-451 የሕዋሱ መፈንዳት ከማይለውጠው ሚር-23ኤ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ልዩነታቸው ከ7 ሳይክል (የፒሲአር ዙር) ካለፈ ናሙናውን አለማመን ነው።

ደም እንዳይረጋ ሄፓሪን የተጨመረበት ባለ አረንጓዴ ክዳን ቲዩብ ፒሲአሩን ያፍነዋል፤ ለዚያው ሥራ ኢዲቲኤ ያለበት ባለ ሐምራዊው ይሻላል። በ2 ሰዓት ውስጥ በሴንትሪፉጅ ይለይ፤ ፕላዝማው ታች የዘቀጠው የሕዋስ ንጣፍ ሳይነካ ወደ ሌላ ቲዩብ ይገልበጥና እንደገና ይሽከርከር፤ የቀሩ ፕሌትሌቶች (ደም የሚያረጉ ጥቃቅን ሕዋሳት) የራሳቸውን ማይክሮ አር ኤን ኤ ይጨምራሉና። ከዚያ በትንንሹ ተከፋፍሎ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ይቀመጥ። መብራት ጠፍቶ ቀልጦ ዳግም በረዶ የሆነ ናሙና (ይህ እኛ ዘንድ ብርቅ አይደለም) ተመዝግቦ ይለይ።

የማይክሮ አር ኤን ኤ ምርመራው አስተማማኝ እስኪሆን፣ ሲሮሲስ (የጉበት ጠባሳ) ያለበት ሰው በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ ይታይ፤ አልፋ ፌቶፕሮቲን የተባለው በጉበት ካንሰር ጊዜ ደም ውስጥ ሊበዛ የሚችል ፕሮቲን ምርመራም ቢታከልበት መልካም ነው። 1 ሴንቲሜትር የሞላ አዲስ ዕጢ ከታየ፣ ወይም አልፋ ፌቶፕሮቲኑ በሚሊሊትር ከ20 ናኖግራም ካለፈ፣ ቀጣዩ ምርመራ ምስሉን የሚያጎላ ንጥረ ነገር ተወግቶ የሚነሣ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ነው።

የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ ከጅማ