ከኮሚቴ በፊት ሮቶ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጦርነት፣ ወረርሽኝ ወይም ሌላ አደጋ በመጣ ቁጥር ዩኒቨርሲቲዎቻችን መጀመሪያ የሚያደርጉት ኮሚቴ ማቋቋም ነው። ኮሚቴው ሰብሳቢና ጸሐፊ ይመርጣል፣ ንዑስ ኮሚቴ ይወልዳል፣ ቃለ ጉባኤ ይይዛል። ይህ ሲሆን ዶርም ያለው ተማሪ ጠብ የማይል ቧንቧ ሥር ጆግ ይዞ ቆሟል። እኛ በጎንደር በተማሪዎች አገልግሎት፣ በውሃና ንጽህና እንዲሁም በመረጃ አያያዝ የምንሠራ ጥቂት ባለሙያዎች ነን። ኮሚቴ አያስፈልግም አላልንም። ኮሚቴ ሊያድል የሚችለው ግን አስቀድሞ ግቢ ውስጥ የተቀመጠውን ብቻ ነው።

ለጎንደር ነገሩ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 ደንቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጅቷል። በቀጣዩ ዓመት እዚሁ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ መነሻ ሲሆን፣ ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና ሳኒተሪያኑን (የአካባቢ ንጽህና ባለሙያውን) በአንድ ቡድን እያሰለጠነ ወደ ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። ከሦስቱ ዛሬ በስብሰባ ላይ ድምፁ የማይሰማው ሳኒተሪያኑ ነው። ግቢ ሲዘጋ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ተማሪ የሚታመመው እሱ በሚያውቀው ነገር ነው።

በቅድሚያ የሚነሳው ጥያቄ ተማሪውን እናቆየው ወይስ እንሸኘው የሚል ነው። ሒሳቡን እንሥራው። 10,000 ተማሪ በ50 ወንበር አውቶቡስ 200 አውቶቡስ ይጠይቃል። በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ተማሪዎች ወደየቤታቸው ሲሸኙ መንገዱ ክፍት ነበር። ከዚያ ወዲህ ባየናቸው ችግሮች ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚዘጋው መንገዱ ራሱ ነው። ከጎንደር በአዘዞ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው 180 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከተቋረጠ ወደ ደቡብ የሚሄደው ተማሪ ሁሉ ይቀራል። ስለዚህ መሠረቱ ለ14 ቀን ማቆየት መሆን አለበት፤ መሸኘት መንገዱ ሲረጋገጥ የሚመጣ ነው።

ለማቆየት ማን እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። ቀላል ይመስላል። ሬጅስትራር የተመዘገበውን ያውቃል፣ ፕሮክተር (የዶርም ተቆጣጣሪው) አልጋ የተሰጠውን ያውቃል፣ ካፌ ሚል ካርድ የያዘውን ያውቃል። ሦስቱ ዝርዝሮች ተገጣጥመው አያውቁም። ዊዝድሮው (ትምህርት የማቋረጫ ቅጽ) የሞላ ተማሪ ሬጅስትራር ዘንድ ወጥቷል፣ ዶርሙ ውስጥ ግን ጓደኛው አልጋ ላይ አለ። ነን ካፌው፣ ማለትም ከግቢው ካፌ የማይመገበው ተማሪ፣ ከተማ ቤት ተከራይቶ ስለሚኖር በፕሮክተሩ መዝገብ ጨርሶ የለም፤ ተኩስ ሲሰማ ወይም ጎርፍ ሲመጣ ግን ሮጦ የሚገባው ወደ ግቢ ነው። ለ8,000 የታሰበው እንጀራ በማግስቱ ለ9,500 የሚቀርበው እንዲህ ሆኖ ነው።

መፍትሔው በወር አንድ ሌሊት መቁጠር ነው። ማታ 4 ሰዓት ላይ ፕሮክተሩ ከብሎክ ተጠሪው ጋር ክፍል ለክፍል ይዞራል። ስም፣ መታወቂያ ቁጥር፣ ዲፓርትመንት፣ ክፍል፣ የመጣበት ወረዳ፣ የሁለት ቤተሰብ ስልክ ይጻፋል። ሁለት ያልነው የአባት ስልክ ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ ሊሆን ስለሚችል ነው፤ ሁለተኛው ከተማ ያለ ዘመድ ይሁን። ከውጭ አገር ለመጡት የፓስፖርት ኮፒ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ የሚያበቃበት ቀንና የኤምባሲ ስልክ ይጨመራል። የስኳር፣ የሚጥል በሽታ፣ የአስምና ሌላ በየቀኑ መድኃኒት የሚወስዱ ተማሪዎች ዝርዝር ግን ከዚህ ጋር አይቀላቀልም። እሱ በታሸገ ፖስታ ክሊኒክ ይቀመጣል፣ የሚከፍተውም የክሊኒኩ ኃላፊ ብቻ ነው። ዝርዝሩ በወረቀት ሦስት ቅጂ ይታተም፤ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ያለ ዝርዝር መብራት ሲጠፋ የለም።

ውሃ ላይ እንቆይ። ጎንደር በደህናው ቀንም ውሃ በፈረቃ የምታገኝ ከተማ ናት፤ የውሃ ምንጯን የአንገረብ ግድብ ደለል እየሞላው መሆኑን የማያውቅ የለም። በአደጋ ጊዜ ለአንድ ሰው ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለመታጠቢያ በቀን 15 ሊትር ዝቅተኛው ልክ ነው። ለ10,000 ተማሪ 150,000 ሊትር፣ ማለትም አሥር ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ 15 ያስፈልጋል፤ ያውም ለአንድ ቀን። ይህንኑ ያህል በሚይዝ ቦቴ ቢመጣ በየቀኑ 15 ምልልስ ነው፤ ናፍጣ ሲጠፋ ቦቴውም ይቆማል። ስለዚህ ሮቶው የሦስት ቀን ውሃ ይያዝ፣ የቀረው ከግቢው ጉድጓድ ይሸፈን፣ የጉድጓዱ ፓምፕ ደግሞ ከጄኔሬተሩ ጋር አስቀድሞ ይገናኝ።

ሮቶ መሬት ላይ ከተቀመጠ ያለ ፓምፕ ከበታቹ ላለው ብቻ ይወርዳል። ሦስት ሜትር ከፍ ካለ በራሱ ክብደት ይፈስሳል። ይሁንና አሥር ሺህ ሊትር ውሃ አሥር ቶን ነው። በብሎኬት ግድግዳ ላይ የተጫነ ሮቶ ባዶውን ዓመት ሙሉ ይቆምና በሞላበት ቀን ይናዳል። ማቆሚያው ኮንክሪት ወይም ብረት ይሁን፣ መሐንዲስም ይፈርምበት።

ውሃውን የማከም ሥራ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አሥር ሺህ ሊትር ንጹህ የሚመስል ውሃ በ65 በመቶ የክሎሪን ዱቄት ሲታከም 75 ግራም ገደማ ይበቃዋል። ዱቄቱን በሚዛን መዝኑ፤ በማንኪያ የሚገምት ሰው ዛሬ ያሳንሳል፣ ነገ ያበዛል። በፕላስቲክ ባልዲ አሥር ሊትር ውሃ ውስጥ ይበጠበጥ፣ አተላው ይዝቀጥ፣ ጥሩው ብቻ ሮቶው ግማሽ ሲደርስ ይጨመር፤ ቀጥሎ የሚገባው ውሃ ራሱ ያማስለዋል። ዱቄቱን እንዳለ ሮቶ ውስጥ መበተን ከታች ረግቶ እንዲቀር ማድረግ ነው። ከ30 ደቂቃ በኋላ ከሮቶው ሳይሆን ከመጨረሻው የዶርም ቧንቧ ናሙና ተወስዶ ይለካ፤ በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም ቀሪ ክሎሪን መታየት አለበት። ካልታየ አንድም ዱቄቱ አርጅቷል፣ አንድም የሮቶው ወለል ላይ የተጠራቀመው ደለል ክሎሪኑን በልቶታል። ሁለተኛው ይበልጥ የተለመደ ነው፤ ሮቶ በዓመት ሁለቴ ይታጠብ የምንለው ለዚህ ነው። ዶርም ውስጥ በጀሪካን ለሚያክሙ ደግሞ 5 በመቶ የሆነ ሽታ የሌለው በረኪና ለአንድ ሊትር 2 ጠብታ፣ ውሃው ከደፈረሰ 4 ጠብታ፣ ከዚያ 30 ደቂቃ መጠበቅ።

አንድ ነገር ሳንል አናልፍም፦ የክሎሪን ዱቄት ከናፍጣና ከዘይት ጋር በአንድ መጋዘን አይቀመጥም። ሲነካካ እሳት ይነሳል። በየግቢው ግን ሁለቱም «የጥገና ክፍል» ተብለው ጎን ለጎን ይቆለፋሉ።

በውሃ የሚለቀቅ ሽንት ቤትም ችግሩ በጀመረበት ዕለት ይዘጋ። አንድ ጊዜ ሲለቀቅ የሚሄደው ውሃ ለአንድ ተማሪ የግማሽ ቀን ድርሻ ነው፤ ውሃ ሲያጥር ደግሞ ተዘግቶ ወደ ኮሪደር ይፈስሳል። ለ20 ሰው አንድ ጉድጓድ መጸዳጃ በሚለው ልክ አስቀድሞ መቆፈር ይሻላል፤ በኮሌራ ወቅት መቆፈር የዘገየ ሥራ ነው።

ወደ ካፌ እንሂድ። ችግሩ እህል ማነሱ ብቻ አይደለም፤ እንጀራ ራሱ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይወስዳል። ሃያ ምጣድ 70 ኪሎ ዋት ነው፤ 100 ኬቪኤ ጄኔሬተር ለምጣድ ብቻ ይሆናል፣ በሰዓትም ከ20 ሊትር በላይ ናፍጣ ይጠጣል። የውሃው ፓምፕ፣ የክሊኒኩ ፍሪጅና ሰርቨሩ ወረፋ ይጠብቃሉ። ስለዚህ መብራት በጠፋ በሁለተኛው ቀን ምጣዱ ይቁም። በሰላሙ ጊዜ የተረፈውን እንጀራ አድርቆ ድርቆሽ ማስቀመጥ፣ በሶና ቆሎ ማከማቸት፣ በትልቅ ድስት በእንጨት የሚሠራ ንፍሮና ቅንጬ ማዘጋጀት እናቶቻችን የሚያውቁት ነው፤ በካፌ ሜኑ ውስጥ ግን የለም። ለአንድ ተማሪ በቀን 400 ግራም እህል፣ 60 ግራም ጥራጥሬና 25 ግራም ዘይት ቢያዝ፣ ለ10,000 ተማሪ ለ14 ቀን 560 ኩንታል እህል፣ 84 ኩንታል ጥራጥሬና 35 ኩንታል ዘይት ይሆናል። ጆንያው በእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጥ፣ ከግድግዳም ሰው የሚያልፍበት ያህል ይራቅ፤ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ። «ለክፉ ቀን» ተብሎ ሳይነካ የተቆለፈውን እህል ክፉው ቀን ሲመጣ ነቀዝ ጨርሶት ይገኛል።

ከሐምሌ 2015 ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ የታየው ወሬ ከምግብ ቀድሞ እንደሚያልቅ ነው። እውነተኛው ሲያልቅ ሐሰተኛው ይተካዋል፤ ወሎና ሐረር ያለች እናት ልጇ ሞተ የሚል ትሰማለች። ለዚህ የሚያዋጣው ድሮ የምናውቀው የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት፣ ቁጥር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ፊርማና ማኅተም ያለው ወረቀት ይለጠፍ፤ የቀደመው ይነሳ። አዲስ ነገር ከሌለም «አዲስ ነገር የለም» ተብሎ ይለጠፍ። ሰዓቱን አንድ ቀን ካሳለፋችሁ ተማሪው ሌላ ምንጭ ይፈልጋል፣ ያገኛልም። የድምፅ ስልክ የሚሠራ ከሆነ አሥር ስልክ ተመድቦ ለተማሪ ሁለት ሁለት ደቂቃ ቢሰጥ ሺህ ተማሪ በሦስት ሰዓት ተኩል ውስጥ ቤተሰቡን ያገኛል። 300 ዋት የፀሐይ ፓኔል ከነባትሪው በጎንደር ፀሐይ በቀን 70 ያህል ስልክ ይሞላል።

የትምህርት ማስረጃ ጉዳይ የውጭውንም ዓለም ይነካል። የቤልጂየሙ ሉቫን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1914 ተቃጠለ፣ ከብዙ አገር በመጣ እርዳታ ተሠራ፣ በ1940 ዳግም ተቃጠለ። መጽሐፍ ይተካል፤ ግሬድ ግን አይተካም። ደንቡ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከግቢ ውጭ ነው። በተግባር የሚሆነው ሃርድ ዲስኩ ከሰርቨሩ ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ መተኛቱ ነው፤ የሚሰርቅም የሚያቃጥልም ሁለቱን አንድ ላይ ያገኛቸዋል። ቅጂው ይከፈት እንደሆነም በየሴሚስተሩ የ20 ተማሪ ትራንስክሪፕት ከሱ ላይ አውጥቶ ማየት ነው።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ክዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ለዓመታት ሠርቷል፤ ሌሎቹም በየፊናቸው አጋር አላቸው። በመግባቢያ ሰነዶች ውስጥ ስለ ምርምርና ስለ ጉብኝት ብዙ ይጻፋል። ሦስት መስመር ይጨመር እንላለን፦ በምስጢር ቁልፍ የተዘጋ የማስረጃ ቅጂ አጋሩ ዘንድ ይቀመጥ፣ ግንኙነት ሲቋረጥ ውጭ ላሉ ተማሪዎቻችንና ለቤተሰቦቻቸው መረጃ የሚሰጥ አንድ ሰው አጋሩ ይመድብ፣ የጋራ ፕሮጀክት ቀነ ገደብ ያለ ልመና ይራዘም። እንዲህ ያለው ነገር ሲሠራ ታይቷል። በ2005 እ.ኤ.አ. ካትሪና የተባለው ማዕበል ኒው ኦርሊንስን ሲመታ የቱሌን ዩኒቨርሲቲ ሙሉ ሴሚስተር ተዘጋ፤ ተማሪዎቹን በየክፍለ ግዛቱ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ተቀብለው አስተማሩ፣ በጥር 2006 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። እኛም ከጦርነት አካባቢ የወጡ ተማሪዎችን ሌላ ግቢ መድበን አስቀጥለናል፤ ተማሪው የትኛውን ኮርስ እንደወሰደ የሚያሳይ ወረቀት ካልያዘ ግን ምደባው ብቻውን አያስተምረውም።

ደም ላይ የሚሠራ ስህተት አለ። አደጋ እንደተሰማ ተማሪው በሰልፍ ይለግሳል፤ ልብ ደስ ይላል። ነገር ግን የተለገሰው ደም ከ35 ቀን ገደማ በላይ አይቆይም፤ የለገሰውም ሦስት ወር መጠበቅ አለበት። ሁሉም በአንድ ቀን ከሰጠ በወሩ ማቀዝቀዣው ባዶ፣ ለጋሹም ተሟጧል። ለጋሾች በብሎክ ተከፍለው በየሳምንቱ ይጠሩ።

ስለ ተማሪው መንፈስ ባጭሩ፦ የደረሰበትን እንዲተርክ አታስገድዱት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚረዳው እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ከቤተሰብ ጋር መገናኘትና የሚያውቀው ሰው አጠገቡ መሆኑ ነው። ትምህርት ሲከፈት በመጀመሪያው ሳምንት ፈተና አይኑር።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ያምራል። ለማረጋገጥ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የግቢውን ዋና የውሃ መክፈቻ ዘግቶ እስከ እሁድ ማታ በሮቶ ብቻ መኖር ነው። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚበላሸው ሮቶው ሳይሆን ከሥሩ ያለው የፕላስቲክ ቧንቧ መክፈቻ ነው፤ በቀን ሺህ ሰው ሲያዞረው አንገቱ ይሰበራል። ለእያንዳንዱ ሮቶ ሁለት የነሐስ መክፈቻና አንድ ጥቅል የቧንቧ ክር ገዝቶ ቆልፎ ማስቀመጥና ቁልፉን ለፕሮክተሩ መስጠት የሰኞ ሥራ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የተማሪዎች አገልግሎት፣ የውሃና ንጽህና እና የመረጃ አያያዝ ባለሙያዎች
ጎንደር