የጁገል ቤት ሱቅ ሲሆን ነደባው አይፍረስ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ የሐረር ከተማ፣ በጁገል ውስጥ ያሉ ነባር መኖሪያ ቤቶችን ወደ ዘመናዊ ሱቅ ስለመለወጥ በየጊዜው የሚነሣው ክርክር «ይፈቀድ» ወይም «ይከልከል» ከሚል አልፎ ሲሄድ አይታይም። በእኔ አስተያየት መጠየቅ የሚገባው ሱቅ የሚሆነው የትኛው ቤት፣ ከቤቱም የትኛው ክፍል እንደሆነ ነው።

ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር መኖሪያ ቤቶቹ ከግንቡና ከ82ቱ መስጊዶች ባላነሰ ለምዝገባው ምክንያት ሆነዋል። ቤቶቹ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። ከ1879 ዓ.ም. በኋላ ወደ ከተማዋ የመጡ የሕንድ ነጋዴዎች ያሠሯቸው ፎቅ ቤቶች በረንዳቸውን ወደ መንገድ ወይም ወደ ግቢ የዘረጉ፣ ከመነሻቸውም ለነጋዴ የተሠሩ በመሆናቸው፣ ምድር ቤታቸው ሱቅ ቢሆን እምብዛም የሚጎዱት ነገር የለም። የሐረሪዎች ነባር ቤት የሆነው ጌይ ጋር ግን ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ፊቱን ወደ ግቢው ያዞረ ቤት ነው። ከውጭ የሚታየው የግቢው አጥርና በሩ ብቻ ሲሆን ውበቱ ሁሉ ያለው ውስጥ፣ በቀይ ቀለም በተቀቡት ነደባዎች፣ ማለትም ከፍ ባሉት የመቀመጫ መደቦች፣ እንዲሁም ሰፌድና ጎድጓዳ ሳህን በተደረደረበት ግድግዳ ላይ ነው።

ለነጋዴ ትልቁ ፈተና የሚመጣውም ከነደባው ነው። ነደባዎቹ ደረጃ በደረጃ ከፍ እያሉ የሳሎኑን አብዛኛውን ቦታ ይይዛሉ፤ ማን የት እንደሚቀመጥም በዕድሜና በክብር የሚወስኑት እነርሱ ናቸው። ሱቅ ደግሞ የሚፈልገው መደርደሪያ የሚቆምበትና ደንበኛ የሚመላለስበት ሜዳ ወለል ነው። ስለዚህ ባለሱቁ ክፉ ሐሳብ ባይኖረው እንኳ ነደባውን ለማፍረስ፣ ወደ መንገዱ ያለውንም ግድግዳ በስቶ መስታወት ለመግጠም መፈለጉ አይቀርም። (የክብር መቀመጫ በሆነው አሚር ነደባ ላይ ጂንስ ሱሪ የለበሰ የፕላስቲክ አሻንጉሊት ቆሞ እንዳላይ እሰጋለሁ።) ነደባው ከፈረሰና ግድግዳው ከተበሳ በኋላ የሚተርፈው የጌይ ጋር ስም ብቻ ነው።

ሌላው ችግር ሲሚንቶ ነው። ግድግዳዎቹ በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ሆነው በኖራ የተለሰኑ ስለሆኑ እርጥበቱ በኖራው በኩል እየወጣ ይደርቃል። ለማማርና ለመፍጠን ሲባል በሲሚንቶ ሲለሰኑ ግን እርጥበቱ ውስጥ ይታመቃል፤ ጭቃውም እየላላ ይሄዳል። ሱቁን ለመክፈት የሚቸኩል ተከራይ ይህን የሚያይበት ጊዜ የለውም፤ ጉዳቱ የሚወጣው እርሱ ከለቀቀ በኋላ ነው።

ይህን ስል ሱቅን ፈጽሞ የሚቃወሙትን መደገፌ አይደለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ባለይዞታው ቅርሱን በራሱ ወጪ እንዲንከባከብ፣ ጥገናውንም በቅድሚያ አስፈቅዶ እንዲያካሂድ ያስገድደዋል። ግዴታው ተገቢ ነው፤ ቤቱ ግን ምንም ገቢ ካላስገባ የኖራው ዋጋ ከየት ይመጣል? የራስ ተፈሪ ቤትና የራምቦ ቤት እየተባለ የሚጠራው ሕንፃ ሙዚየም ሆነው ተርፈዋል፤ ሁሉም ቤት ግን ሙዚየም ሊሆን አይችልም። መኪና ግርግር በሚባለው የጁገል መንገድ ልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪናቸውን ደጅ አውጥተው ሲሰፉ ስናይም ንግድ ለጁገል እንግዳ እንዳልሆነ እንረዳለን።

ስለዚህ በጁገል ውስጥ ላለ ነባር ቤት የንግድ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት የቅርስ ባለሥልጣኑ የጽሑፍ ስምምነት እንዲቀርብ፣ ከስምምነቱም ጋር የቤቱ ንድፍና ፎቶግራፍ እንዲያያዝ እጠይቃለሁ። የውጭው ግድግዳ እንዳይበሳ፣ ነደባና ነባር በር እንዳይነሣ፣ ልስኑ በኖራ ብቻ እንዲሆን በግልጽ ይጻፍበት። ዕቃው በግቢው ውስጥ ባሉት የአገልግሎት ክፍሎች ይሸጥ፤ ሳሎኑ እንዳለ ሆኖ ደንበኛ ቡና የሚጠጣበትና ዋጋ የሚነጋገርበት ቢሆን ለንግዱም ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም። የማስታወቂያ ሰሌዳው መጠንም ይወሰን።

ጋዜጣችሁ የክልሉን የንግድና የቅርስ ኃላፊዎች እስካሁን በጁገል ውስጥ ለስንት ነባር ቤቶች እንዲህ ያለ ፈቃድ እንደተሰጠና በምን ሁኔታ እንደተሰጠ ቢጠይቅልን፣ መልሳቸውንም ቢያትምልን ምስጋናችን የላቀ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የጁገል ነዋሪ፣ ከሐረር