የክረምት የልጆች ጥበብ ትምህርት ዝናቡን ይከተል

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ትምህርት ቤት ሲዘጋ በጎጃም ትንንሽ ከተሞች ልጆችን ሥዕል፣ ዜማና እደ ጥበብ እናስተምር የሚሉ በጎ ፈቃደኞች ይነሳሉ። እሰየው የሚያሰኝ ነው። ብዙው ግን ነሐሴን ሳይሻገር ይበተናል። ምክንያቱ ገንዘብ ማጣት ነው ይባላል፤ እኛ ግን ከገንዘቡ ይልቅ ሰዓቱና እርጥበቱ እንደሚያፈርሰው እናምናለን።

በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ይበረታል። ከሰዓት የተቀጠረ ልጅ ወይ ይቀራል፣ ወይ ሲመለስ ወንዝ ሞልቶ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ከጠዋቱ 2፡30 ተጀምሮ 5፡00 ላይ ይለቀቅ። ወንዝ የሚሻገሩትን በስም ለይቶ መያዝ፣ ሰማዩ ሲጠቁር እነሱን ቀድሞ መሸኘት፣ ውኃው ከሞላም ወላጅ እስኪመጣ ማቆየት ግዴታ ነው። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ሲገባ ልጆቹ ጾመው ያስቀድሳሉ፣ ብዙዎቹም ይቆርባሉ። የቅዳሴውን ሰዓት ከደብሩ ጠይቆ ትምህርቱን ማሳጠር ይገባል፤ ልጁን ከሁለት አንዱን ምረጥ ማለት ነውር ነው።

ከብት የሚጠብቁትና አረም የሚያርሙት ልጆች በሥራ ቀን አይገኙም። ለእነሱ ሐምሌ 5፣ 7፣ 12፣ 19 እና 21፣ በሬ በማይጠመድባቸው ቀናት፣ ከቅዳሴ በኋላ ይመደብላቸው። ይህ ካልታሰበ ፕሮግራሙ የከተማ ልጆች ብቻ ይሆናል።

ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ዝናብ ሲወርድ የአስተማሪ ድምፅ አይሰማም። ዜማና ተረት በመጀመሪያው ሰዓት፣ ሥዕልና የሣር ስፌት በኋለኛው ቢሆን ዝናቡ ቢመጣም ሥራ አይቆምም።

ትልቁ ስሕተት የሚሠራው በሸክላ ነው። ልጆቹ ለመዝጊያው በዓል እንዲደርስላቸው ተብሎ በሳምንቱ ይተኮሳል፤ በጭቃው ውስጥ የቀረው ውኃ እንፋሎት ሆኖ ዕቃውን ያፈነዳዋል። የዕቃው ውፍረት ከትንሽ ጣት አይብለጥ። አራት እጅ ጭቃ ላይ አንድ እጅ የተፈጨና የተነፋ ገል (የሸክላ ስባሪ) ይቀየጥ። ጥላ ውስጥ ይድረቅ፤ እሳት ዳር የተቀመጠ አንድ ጎኑ ቀድሞ ደርቆ ይሰነጠቃል። መተኮሱ ለኅዳር ቢቆይ ምንም አይጎድልም። አስተማሪዋም የአካባቢው ሸክላ ሠሪ ትሁን፤ እንደ ማንኛውም መምህር በክብር ተጠርታ፣ አበል ተቆርጦላት። ልጆች ይህን ሙያ እንዲንቁ ስንቱ አስተምሯቸዋል!

ለሥዕል ቀለም መግዛት የግድ አይደለም። ከሰል፣ ቀይ አፈርና እርድ ተፈጭተው በቀጭን ጨርቅ ይነፉ። አንድ እጅ የግራር ሙጫ በሁለት እጅ ሙቅ ውኃ ተዘፍዝፎ ይደርና ከዱቄቱ ጋር ይለወስ። ሙጫው ካነሰ ቀለሙ ሲደርቅ ይረግፋል፤ ከበዛ ይሰነጠቃል። እንቁላል የሚቀይጡም አሉ፣ በፍልሰታ ግን ይቅር። ወረቀት ለማጣበቅ አንድ ስኒ የስንዴ ዱቄት በአራት ስኒ ውኃ ይበቃል፤ ክረምት ላይ ቶሎ ስለሚሻግት የዕለቱን ብቻ ማብሰል ነው። ለ30 ልጆች ስድስት የሥዕል ቀን፣ በቀን ሁለት ወረቀት ቢታሰብ 360 ይሆናል፤ ባለ 500 አንድ እሽግ የሚበላሸውንም ይሸፍናል። እርሳስ ግን 40 ይያዝ፣ መጥፋቱ አይቀርምና።

ለዋሽንት እርጥብ ሸምበቆ አይቆረጥ፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። አራቱን ቀዳዳ በጋለ ብረት የሚበሳው አዋቂ ብቻ ነው።

የነሐሴ መጨረሻና ጳጉሜ ለእንቁጣጣሽ ሥዕል ይሁን። ወንዶቹ መስከረም 1 ጠዋት ይዘውት የሚዞሩት ሥዕል ስለሆነ የትኛውም ልጅ በዚያ ሳምንት አይቀርም። የተሳለው ሳይደራረብ አንድ ሌሊት ይደር፤ እርጥቡ ከተነባበረ ይጣበቃል።

ስፌት ለማስተማር ያሰባችሁ ግን ከአሁኑ ተነሱ። የሚሰፋበት ሣር፣ ስንደዶ፣ የሚነቀለው መስከረም ላይ ነው፤ ሐምሌ ላይ የሚገኘው ከአምና የተረፈው ብቻ ነው። እናቶች ቤት ያለውን በዚህ በግንቦት ጠይቁ፣ ግዙ፣ ጭስ በሚነካው ደረቅ ቦታ ስቀሉ። ሲሰፋ በእርጥብ ጨርቅ ይጠቅለል፣ ደረቁ ይሰበራልና። የተረፈው ማታ ተመልሶ ይሰቀል። ከ10 ዓመት በታች ላለ ልጅ የስፌቱን መጀመሪያ አዋቂ ሠርታ ትስጠው፤ ልጆች ተስፋ ቆርጠው የሚጥሉት እዚያች ላይ ነው። ሥራውም በስድስት ሳምንት የሚያልቅ፣ ከመዳፍ ያልበለጠ ይሁን።

ከአክብሮት ጋር፣
ከምሥራቅ ጎጃም