«የተመጣጠነ ምግብ ይመግቡ» ብቻውን አይበቃም

ለጤና ሚኒስቴር የሥነ ምግብ ሥራ ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ስለ መቀንጨር የምትለጥፉትን ፖስተር ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። እናት ፈገግ ብላለች፣ ሳህኑ ሞልቷል፣ ከሥሩ «ልጅዎን የተመጣጠነ ምግብ ይመግቡ» ይላል። እሺ፣ እንዴት? እሱን የሚያሳይ የለም።

የሕፃን ሆድ በአንዴ የሚይዘው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። 7 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 210 ሚሊ ሊትር ቢወስድ ነው። እሱንም ቀጭን ነገር ከሞላነው ሆዱ ይነፋል እንጂ የሚያሳድገው ነገር አያገኝም። ወላጅም «ጠገበ» ብሎ ይተወዋል። መፈተኛው ቀላል ነው። ማንኪያውን ዘንበል አድርጉት፤ ምግቡ ወዲያው ከፈሰሰ ቀጥኗል፣ ማንኪያው ላይ ከቆየ ደህና ነው። ይህን ለማሳየት በጀት አያስፈልግም፤ ማንኪያ ይበቃል።

አመጋገቡም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። አፍ ይዞ ማጋት አለ። ሳህኑን አስቀምጦ «ብላ» ብሎ መሄድም አለ። ሁለቱም አያዋጡም። ልጁ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ የሚያናግረው፣ ሲዘገይ የሚታገሠው፣ ፊቱን ሲያዞር ቆም ብሎ እንደገና የሚሞክር ሰው ይፈልጋል። ሲታመም ደግሞ ብዙ ቤት ምግብ ይቀነሳል፤ መሆን ያለበት ግን ጡትም ምግብም ትንሽ ትንሽ እየተደረገ ቶሎ ቶሎ መስጠት፣ ሲያገግም ደግሞ ከወትሮው ጨመር ማድረግ ነው።

ይህን ሁሉ እናት ላይ ብቻ መጫን ግን ግፍ ነው። ፖስተራችሁ ላይ አባት የት ሄደ? ቀን ማንኪያውን የምትይዘው አያት ወይም ሞግዚት ከሆነች፣ ምክሩን ለእናት ብቻ መንገር ምን ይፈይዳል? በዚያ ላይ እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ትላላችሁ። ልክ ነው። 6 ወር ግን 26 ሳምንት ነው፤ የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 183 ያስቀመጠው ዝቅተኛው የወሊድ ፈቃድ 14 ሳምንት ነው። በመካከል ያሉትን 12 ሳምንታት እናትየው ከየት ታምጣቸው? ይህንን ከሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ጋር ቁጭ ብላችሁ መነጋገር የእናንተ ፋንታ ነው።

የሚበላ የሌለበት ቤት ምክር እንደማይበላ አውቃለሁ። ንጹሕ ውሃ ከሌለና እናት ራሷ በእርግዝና ካልተመገበች ማንኪያ ብቻውን ተአምር አይሠራም። ምግብ እያለ ልጅ የሚቀነጭርበት ቤት ግን አለ፤ እዚያ የጎደለው የሚያሳይ ሰው ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። የክትባት ቀን ወላጆች ተሰልፈው ሲጠብቁ፣ ባለሙያ ፊታቸው ምግብ አዘጋጅቶ ያሳያቸው። ከዚያ እነሱ ራሳቸው ይሞክሩት። ቀጠሮ ካርዱ ላይም «ልጁን ቀን የሚመግበው ሰው አብሮ ይምጣ» የሚል አንድ መስመር ይግባ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ወላጅ