አባባ፣ መድኃኒቱን ያልላክሁበት ምክንያት

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ዕቃው እሑድ ከሚመጣው ሰው ጋር ይደርስዎታል። ካልሲው፣ ሹራቡና መነጽሩ አለ። "ላኪልኝ" ያሉኝ የጨጓራ መድኃኒት፣ ሲሜቲዲን፣ ግን የለም። ረስቼው አይደለም። ፓኬቱን ከመደርደሪያ አንስቼ ጀርባውን አነበብኩና መለስኩት። ፋርማሲ ውስጥ የሚሠራ ሰው ጀርባ ማንበብ አይተውም። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ ይላል። እርስዎ ለልብዎ በየማታው የሚውጧት፣ ደም የምታቀጥነው ኪኒን ዋርፋሪን ናት።

"የጨጓራ መድኃኒት ደግሞ ምን ይጎዳል?" ብለው ተቆጥተውኛል። ስልክ ላይ ሁለታችንም ስለምንጮህ በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው።

ጎረቤትዎ "ሲሜቲዲን የወጣልዎት የአንጀት ካንሰር እንዳይመለስ ያደርጋል" ብለው የነገሩዎት ወሬ መሠረት የለውም አልልም። ነገሩ የሚጀምረው ሂስታሚን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። ስሙን ባያውቁት ሥራውን ያውቁታል። ልጅ ሆኜ ዶሮ ሳባርር ከጓሮ ገብቼ ሳማ የለበለበኝ ትዝ ይልዎታል? እግሬ ቀልቶ፣ ተድቦልቡሎ፣ ሳክ አደርኩ። በሳማ ጸጉር ውስጥ ሂስታሚን አለ። የራሳችን ሰውነትም ይሠራዋል። የደም ሥርን ግድግዳ ያላላል፣ ፈሳሹ ወደ ሥጋው ይወጣል፣ ያብጣል። ጨጓራንም አሲድ አመንጪ ብሎ ያዛል። ሲሜቲዲን የሚያግደው ይህንን ትእዛዝ ነው።

አንዳንድ የካንሰር ዕጢዎችም ሂስታሚን ራሳቸው ይሠራሉ፤ ሴሎቻቸው ላይም የሂስታሚንን ትእዛዝ የሚቀበል መቀበያ አለ። ታዲያ ያሳድጋቸዋል ወይስ ያቀጭጫቸዋል? ሁለቱንም! መቀበያው 4 ዓይነት ነው፤ ውጤቱ እንደ መቀበያውና እንደ መጠኑ ይለያያል። ላብራቶሪ ውስጥ በጡት ካንሰር ሴሎች ላይ ሲሞከር፣ ጥቂት ሂስታሚን እንቅስቃሴያቸውን አፍጥኗል፤ ብዙው ግን እድገታቸውን ገትቷል። በ2011 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ደግሞ፣ ሂስታሚን መሥራት የማይችሉ አይጦች የአንጀትና የቆዳ ዕጢ በዛባቸው። አውሮፓ ውስጥማ በ2008 ሂስታሚን ራሱ ከሌላ መድኃኒት ጋር ለአንድ ዓይነት የደም ካንሰር ተፈቅዷል። እንዲህ ያለውን ነገር ጠላት ነው ብሎ በጅምላ ማገድ ይከብዳል።

ወደ እርስዎ ጉዳይ ልምጣ። የጎረቤትዎ ወሬ ምንጩ ጃፓን ይመስለኛል። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነው። እንደ እርስዎ የአንጀት ዕጢ በቀዶ ሕክምና የወጣላቸው 64 ሰዎች ነበሩ። ሁሉም የካንሰር መድኃኒት ወሰዱ፤ ከፊሎቹ በዚያ ላይ ለአንድ ዓመት በቀን 800 ሚሊግራም ሲሜቲዲን ተጨመረላቸው። ከ10 ዓመት በኋላ ሲሜቲዲን ከወሰዱት 85 በመቶ ያህሉ በሕይወት ነበሩ፤ ካልወሰዱት ግን 50 በመቶ ያህሉ ብቻ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ሳነበው እኔም ጓጉቻለሁ።

ግን 64 ሰው ማለት የአንድ ሰንበቴ ማኅበርተኛ ማለት ነው። ጥቅሙም ጎልቶ የታየው ዕጢያቸው ላይ አንድ የተለየ የስኳር ሰንሰለት በብዛት በተገኘባቸው ነው። በደም ተሳፍሮ የሚሄድ የካንሰር ሴል ሌላ ቦታ ለመስፈር መጀመሪያ የደም ሥሩን ግድግዳ መጨበጥ አለበት። በዚያ ስኳር ነው የሚጨብጠው። ሲሜቲዲን ግድግዳው ላይ ያለውን መያዣ ይቀንስበታል። የሚገርመው፣ ያንኑ የሂስታሚን መቀበያ የሚያግደው ሌላው የጨጓራ መድኃኒት፣ ፋሞቲዲን፣ ይህን ማድረግ አልቻለም። እንግዲህ ሥራው በሂስታሚን በኩል አይመስልም።

እኔን ያስፈራኝ ግን ጉበትዎ ነው። ሲሜቲዲን ጉበት ዋርፋሪንን የሚያስወግድበትን ሥራ ያዘገየዋል። ዋርፋሪኑ ይጠራቀማል፣ ደም ከሚገባው በላይ ይቀጥናል። ባለፈው ፋሲካ ነስርዎ አልቆም ብሎ ነጠላዎ ሁሉ ደም ሲሆን እማዬ በቪዲዮ ያሳየችኝን አልረሳውም።

ለደም ምርመራው አዲስ አበባ ሲወርዱ ይህን ደብዳቤ ይዘው ለሐኪሙ ያሳዩ። እሱ የዕጢውን ውጤትም የዋርፋሪኑንም ልክ ያውቃል። ይሁን ካለ፣ በሚቀጥለው መንገደኛ እልካለሁ።

ከጎረቤትዎ ተቀብለው የጀመሩት ካለ ግን ቀጠሮውን አይጠብቁ። ዛሬውኑ ለሐኪሙ ይደውሉ፣ ከዚያም ለእኔ። አልቆጣም።

እሺ፣ ትንሽ እቆጣለሁ።

ልጅዎ፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ