ማይኩ መጨረሻ ላይ የሚደርሳቸው ሰዎች

ለጋዜጣችሁ አዘጋጅ፣

ስለ ዱር እንስሳት የምታወጡትን ሁሉ አነባለሁ። ቆርጬ ያስቀመጥኩትም አለ። አንድ ነገር ግን ሲከነክነኝ ቆይቷል፣ ዛሬ ልጻፈው። ጽሑፎቻችሁ ላይ የሚናገሩት ሁሌ የቢሮ ሰዎች ናቸው። ኃላፊው ይናገራል፣ ተመራማሪው ይናገራል፣ ለጋሹ ይናገራል። ከእንስሳው ጋር እየዋለ እያደረ ያለው ገበሬና አርብቶ አደር ግን «የአካባቢው ማኅበረሰብ» ተብሎ በአንድ ሐረግ ይታለፋል።

በቅርቡ አንድ የተፈጥሮ ጥበቃ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። ጋቢ የለበሱ አንድ አባት ከገጠር ተጋብዘው መጥተዋል፤ የተቀመጡት ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ነው። ንግግሩ ግማሹ በእንግሊዝኛ ስለነበር አጠገባቸው ያለ ልጅ እያንሾካሾከ ይተረጉምላቸዋል። ማይኩ እጃቸው ሲደርስ ቀኑ መሽቶ፣ ሰዉ ቦርሳውን እየያዘ ነበር። ሁለት ደቂቃ ተሰጣቸው። በሁለቱ ደቂቃ የተናገሩት ከጠዋት ጀምሮ ከሰማሁት ሁሉ ይበልጥ ነበር፤ የትኛው ሸለቆ መቼ እንደሚዘጋ፣ ማን እንደሚጠብቅ፣ የጎረቤት ከብት ሲገባ ማን ማንን እንደሚዳኝ። ከመድረክ ግን «ማኅበረሰቡን እናሳትፋለን» ተባለና ስብሰባው ተዘጋ።

ይሄ «ማሳተፍ» የሚሉት ነገር አይዋጥልኝም። የቤቱን ባለቤት በገዛ ቤቱ ጉዳይ እንዴት ነው የምታሳትፈው?

ሩቅ ሳንሄድ መንዝን እንይ። ጓሳ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚጀምር ደጋ ነው። ሕዝቡ ይህን መሬት መጠበቅ የጀመረው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ያኔ ብሔራዊ ፓርክ የሚባል ነገር በዓለም ላይ አልነበረም። መሬቱን የያዙት የአስቦና የጌራ ዘሮች አለቃቸውን ሰው በተሰበሰበበት ይመርጡ ነበር። አለቃው ጓሳውን ለዓመታት ይዘጋው ነበር፤ ሦስት ዓመትም አምስት ዓመትም ሊሆን ይችላል፣ የሚወስነው የሣሩ ቁመት ነበር። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈት፣ ይታጨድ፣ ክረምቱ ሲገባ መልሶ ይዘጋ ነበር። ቄሮ የሚባለው ሥርዓት ይሄ ነበር። ሰው ለቀበሮ ብሎ አልነበረም የጠበቀው፤ ቤቱን የሚከድነው፣ ገመዱን የሚገምደው፣ ዝናብ የሚከላከልበትን ገሳ የሚሠራው በዚያ ሣር ነው። ሣሩ ስለቆየ ግን አይጡ ቆየ፣ አይጡ ስለቆየ ቀይ ቀበሮው ቆየ። አዋቂ ቀይ ቀበሮ ዛሬ በዓለም ላይ ከ500 በታች ነው የቀረው፣ ያም እኛ ጋ ብቻ።

ጓሳ ላይ የተሠራ አንድ ጥናት በጣም ይገርመኛል። ቀበሮው ሣር ከሚግጡ የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋዎች መሃል ገብቶ አይጥ ሲያድን ከ100 ሙከራ 67ቱ ይሳካለታል። ብቻውን ሲሆን 25ቱ ብቻ። ጭላዳዎቹም አይሸሹትም፤ እሱም ግልገሎቻቸውን አይነካም ማለት ይቻላል። ይህን ለማየት ሁለቱም እንስሳት፣ ሣሩም፣ በአንድ ቦታ መኖር ነበረባቸው። ያኖራቸው ደግሞ የመንዝ ገበሬ ነው።

በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲመጣ ቄሮ ፈረሰ። አዋጁ ለብዙ ጭሰኛ ነፃነት ነው፣ ይህን አልክድም። ጓሳውን ግን ማንም እንደፈለገ የሚገባበት አደረገው። መልሶ ያነሳው ያው ሕዝብ ነው፤ ኮሚቴ አቋቁሞ፣ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ፣ ጠባቂ መድቦ። የክልሉ መንግሥት በሕግ ያወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ።

ናሚቢያም እንዲሁ ነው የሆነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) በሰሜን ምዕራቡ በኩል ድርቅና ሕገወጥ አደን ዝሆኑንና ጥቁር አውራሪሱን ሊጨርሱት ደርሰው ነበር። የየአካባቢው ባህላዊ መሪዎች ከራሳቸው ሰው መሃል ጠባቂ መረጡ። ከተመረጡት ውስጥ አዳኝ የነበሩ አሉበት፤ ዱካ ማንበብ ከእነሱ በላይ ማን ያውቃል? በ1996 አገሪቱ ሕግ ለወጠችና የዱር እንስሳቱን የመጠቀምና የማስተዳደር መብት ለነዋሪዎች ሰጠች። ዛሬ ሕዝብ የሚያስተዳድራቸው 86 ጥብቅ ስፍራዎች አሉ፤ ከአገሪቱ መሬት አንድ አምስተኛውን ይሸፍናሉ። በኬንያ ሳምቡሩ ደግሞ ከ2016 ጀምሮ እናታቸውን ያጡ የዝሆን ግልገሎችን የሚያሳድገው የአካባቢው ሰው ነው፤ ግልገሎቹ የሚጠጡት የፍየል ወተት ከመንደሩ ሴቶች ይገዛል። ዝሆን ጠላት የነበረበት ቤት ዛሬ በዝሆን ምክንያት ወተት ይሸጣል።

ሁሉም ቦታ ሰምሯል እያልኩ አይደለም። ዚምባብዌ በ1989 የዱር እንስሳቱን ገቢ ለነዋሪው ለማካፈል ካምፕፋየር የሚባለውን ፕሮግራም ስትጀምር ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ሥልጣኑ ግን ወረዳ ምክር ቤት ላይ ደርሶ ቆመ፣ መንደር አልወረደም። ገቢውም አብሮ እዚያው ይቀር ጀመር። ሌሊት ዝሆን ማሳውን የረገጠበት ሰው ጠዋት ተነስቶ የሚያየው የተሰባበረውን የበቆሎ አገዳ ነው። የእንስሳው ገቢ ወረዳ ከተማ ላይ ከቀረ፣ ያ ሰው ለአዳኝ መንገድ ቢያሳይ እኔ በእሱ አልፈርድም። እኛም አገር «የሕዝብ» የሚል ስም ብቻ ሰጥተን ቁልፉን ቢሮ ውስጥ እንዳናስቀር እሰጋለሁ።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለእናንተ ነው። በሚቀጥለው ስለ ቀይ ቀበሮ ወይም ስለ አንድ ፓርክ ስትጽፉ ጋዜጠኛችሁ መጀመሪያ የሚደውለው ለኃላፊው አይሁን። ጓሳ ድረስ ይሂድ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ሩቅ አይደለም። ከጠባቂዎቹ ጋር አንድ ቀን ይዋል፣ ብርዱንም ይቅመስ። ደንቡን ማን እንዳወጣው፣ ቅጣቱ ስንት እንደሆነ፣ ከእንግዳ የሚገኘው ገንዘብ ማን እጅ እንደሚገባ፣ ጠባቂው ደሞዙ በጊዜ ይደርሰው እንደሆነ ይጠይቅ። ስማቸውን ከነፎቶው አውጡት፣ ፈቃዳቸው ከሆነ። ኃላፊውን ከዚያ በኋላ ጠይቁት፤ ጥያቄውም ከእነሱ የመጣ ይሁን።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ከአዲስ አበባ